ለሶፋ አጣቢ ወጣቶች፦ ውሃውን ቀንሱ

ውድ ልጆቼ፣

ቤት ለቤት እየዞሩ ሶፋና ምንጣፍ ማጠብ በአዲስ አበባ ለብዙ ወጣት የእንጀራ ገመድ ሆኗል። አንድ ማሽን፣ ጥቂት ብሩሽና አንድ ስልክ ይዛችሁ ሥራ ስትጀምሩ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሆቴል ጽዳት ክፍል፣ በኋላም በራሴ የእጥበት ሥራ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ውሃ።

ደንበኞቻችን ሶፋው ውሃ ሲጠጣና ከማሽኑ ጥቁር እጣቢ ሲወርድ ካላዩ የታጠበ አይመስላቸውም። እናንተም ያንን ጥቁር ባልዲ ፎቶ አንስታችሁ ማስታወቂያ ታደርጉታላችሁ። ባልዲው ምን ያህል ቆሻሻ እንደወጣ ያሳያል፤ ስፖንጁ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ግን አይናገርም። ሥራችሁ የሚመዘነው ሒሳብ በተቀበላችሁበት ሰዓት አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት ሶፋው ላይ አረፍ ሲሉ ነው።

ከጨርቁ ሥር ያለውን አስቡት። ስፖንጅ አለ፣ ከዚያ በታች እንጨት፣ ቺፑድ፣ ሚስማርና ካርቶን አለ። ምንጣፍ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ሶፋን ማን ያሰጣዋል? ስፖንጅ ውስጥ የሰረገ ውሃ መውጫው በአብዛኛው ያው የገባበት ጨርቅ ነው። ባዶውንም አይወጣም፤ ከሥር ያሟሟውን ቆሻሻና ሳሙና ተሸክሞ ወደ ላይ ይመጣና እዚያው ጥሎት ይተናል። ማታ የጠፋው የቡና እድፍ ጠዋት ተመልሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቁ ጥጥ ወይም ሊነን ከሆነ ደግሞ በዝግታ ሲደርቅ ክሩ ራሱ ቡናማ ቀለም ያወጣል፤ ኃይለኛ ሳሙና ካለበት ይብስበታል። ሻጋታ በበኩሉ እርጥብ ሆኖ በቆየ ነገር ላይ ለመብቀል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። በጋ ላይ ድሬዳዋ ወይም አዳማ የሚሠራ ሰው ሙቀቱ ያግዘዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አዲስ አበባ ውስጥ፣ መስኮቱ በዝናብ ምክንያት በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ስፖንጁ ድረስ የራሰ ሶፋ «ነገ ይደርቅልዎታል» ብሎ መሄድ ደንበኛን ማታለል ነው።

በትንሽ ውሃ የማጠብ ሥራ ትልቁ ክፍል ደረቅ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠው ቆሻሻ አብዛኛው አቧራ፣ አሸዋ፣ ፀጉርና የምግብ ፍርፋሪ ነው። ውሃ ሳይነካው በቫኪዩም ይወጣል፤ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ትራሶቹን አንሱ፣ ስፌቱንና የመደገፊያውን ሥር በጠባቡ አፍ አንድ በአንድ ሳቡ። አረብ መጅሊስ ሲሆን ለወለል ስለሚቀርብ ከዚህም በላይ ጊዜ ስጡት። አቅም ስታገኙ ሄፓ ማጣሪያ ያለው ማሽን ግዙ፤ 0.3 ማይክሮን የሚያክለውን፣ በዓይን የማይታየውን ብናኝ እንኳ 99.97 በመቶ ይይዛል፤ አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ደረጃ በጥድፊያ ታልፉታላችሁ፣ ምክንያቱም ለዓይን አያምርም።

ቀጥሎ ጨርቁን እወቁ። ከውጭ የመጣ ሶፋ ከመቀመጫው ሥር ምልክት ሊኖረው ይችላል፦ ደብልዩ የሚለው ፊደል በውሃ ይጸዳል ማለት ነው፣ ኤስ በደረቅ ማጽጃ ፈሳሽ ብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ በሁለቱም፣ ኤክስ ካለ ግን ከቫኪዩምና ከለስላሳ ብሩሽ በቀር ምንም እንዳትነኩት። እዚሁ ከተማ የተሠራ ሶፋ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከመቀመጫው ሥር አንድ ክር ምዘዙና ደጅ ወጥታችሁ ለኩሱት። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። ጥጥና ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሰል ክር) ሁለቱም የተቃጠለ ወረቀት ስለሚሸቱ ሌላ ክር ምዘዙና አርጥባችሁ ጎትቱት፤ ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፣ ቪስኮስ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ያ የሚያብረቀርቅ ከፋይ ቪስኮስ ሆኖ ከተገኘ ውሃ ጠላቱ ነው፤ ጠጉሩ ይተኛል፣ የውሃው ዳር ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፖሊስተር ከአየር የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ 0.4 በመቶ ያህል ሲሆን ጥጥ ወደ 8.5፣ ሱፍ ደግሞ ወደ 16 በመቶ ይይዛል። ስለዚህ ለፖሊስተር ሶፋ የሰጣችሁትን የማድረቂያ ሰዓት ለሱፍ አትስጡ።

ማጠብ ከመጀመራችሁ በፊት ግን የቀለም ፍተሻ አለ። ለማጠቢያ ባዘጋጃችሁት ፈሳሽ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ በማይታይ ቦታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ነጩ ጨርቅ ቀለም ይዞ ከተነሣ ሥራውን አቁሙ።

አሁን ወደ አረፋው እንምጣ። ለሶፋ የተዘጋጀ ለስላሳ ሻምፖ በጥቂት ውሃ በጥብጡና በደንብ ምቱት፤ የምትፈልጉት ላይ የሚቆመውን አረፋ ብቻ ነው፣ አብዛኛው አየር ስለሆነ። ሥር የተኛው ፈሳሽ እዚያው ይቅር። አረፋውን በለስላሳ ብሩሽ አንሥታችሁ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ቦታ ላይ በቀስታ አዳርሱት፣ ወዲያው በደንብ በተጨመቀ ነጭ ፎጣ ጥረጉት፣ የፎጣውን ንጹሕ ገጽ እየገለበጣችሁ ድገሙት፣ በመጨረሻ በደረቅ ፎጣ ተጫኑት። የእጃችሁን ጀርባ ስታሳርፉበት ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ሊያረጥባችሁ ግን አይገባም። ካረጠባችሁ አብዝታችኋል። አንዱ ቦታ ሳያልቅ ወደ ሌላው አትለፉ። ማራገቢያ አቅርቡ፣ መስኮት ክፈቱ፤ በዚህ መንገድ የታጠበ ሶፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቀመጡበታል። ሲደርቅ ወደ ብናኝነት የሚቀየርና በቫኪዩም የሚነሣ ሻምፖም አለ፤ ካገኛችሁት እሱን ምረጡ። የዱቄት ሳሙና ግን ለሶፋ አይሆንም። ተጠርጎ አያልቅም፣ የቀረውም አቧራ እየሳበ ከወር በኋላ ሶፋውን ከበፊቱ ያጠቁረዋል።

በዚህ መሀል አንዲት እናት «ልጄ፣ ውሃው አነሰ እኮ!» ሊሏችሁ ይችላሉ። አትቆጡ፣ አታቃልሏቸው። «እማማ፣ ውሃ ካበዛሁበት ስፖንጁ ይበሰብስብዎታል፤ ፎጣውን ይመልከቱ» ብላችሁ ቆሻሻውን የያዘውን ፎጣ አሳዩአቸው።

ስለ እድፍ ጥቂት ልበል። ቡና ሲፈስ በፎጣ ተጭናችሁ ምጠጡት እንጂ አትፈትጉት፤ ከዚያ ትንሽ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ ንኩት። ደረቅ ሳሙና ቡናን ያጸናዋል። የቀይ ወጥ ቀለም ከዘይቱ ጋር ስለሚሄድ በቅድሚያ በማንኪያ ፈቅፍቁት፣ የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ ዘይቱን እስኪጠጣ ጠብቁ፣ በቫኪዩም አንሡትና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አረፋ ብቻ አስነኩት። አልጫ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርድ የዱቄት ሳሙና ወይም ሶዳ ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ይቀየራል፣ ባለቤቲቱም ያቃጠላችሁት ይመስላቸዋል። በለሰለሰ ማጽጃ ሠርታችሁ የቀረውን ቢጫ ለፀሐይ ተዉት፤ ብርሃን ያደበዝዘዋል።

አሁን የምለው የሕይወት ጉዳይ ነው። የዘይት እድፍ በቤንዚን የሚያጸዱ ልጆች አሉ። እኛ አገር ሳሎን ማለት ቡና የሚፈላበት፣ ፍም ያለበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቦታ ነው። የቤንዚን ተን ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃው ጋ ይደርሳል። ቤንዚን ይዛችሁ ሰው ቤት አትግቡ፣ ምድጃው ጠፍቷል ቢባልም። በረኪናና አቼቶም በአንድ ባልዲ አይገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ሱፍና ሐር ያሟሟል፣ ቀለም ያነጣል፤ ከቦርሳችሁ ቢወጣ ይሻላል።

ይህ ዘዴ ሁሉን አይፈታም። የሕፃን ሽንት ስፖንጅ ውስጥ ዘልቆ ከቆየ ላይ ላዩን ማበስ ጠረኑን አያጠፋውም። እዚያ ላይ ውሃ እየረጨ ወዲያው የሚመጥጥ ኃይለኛ ማሽን፣ የሚያደርቅ አየርና ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ይህ ከሌላችሁ ሥራውን አትቀበሉ። ስፖንጁ የሻገተ ከሆነ ደግሞ ልባሱን ገልጣችሁ ለባለቤቱ አሳዩና ወደ ሶፋ ሠሪ ላኩዋቸው፤ ስፖንጁ ሲቀየር ጨርቁን ለማጠብ መልሰው ይጠሯችኋል። ዋጋ ስትተምኑም የሚቆጠረው የእጃችሁ ሰዓትና የፎጣው ብዛት እንጂ የባልዲው ብዛት አይደለምና፣ ሒሳቡን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።