ጀልባው የጓደኛዬ ነው፤ ቅጣቱ ለምን በእኔ ስም ተጻፈ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ዓሣ ስናጠምድ ውለን፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ጀልባ በመኪናዬ እየጎተትኩ ስመለስ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ኦፊሰር አስቆመኝ። የጀልባው የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ አልወጣም ነበር፤ ተጎታቹ ላይም የሐይቅ ሣር ተጠምጥሟል። ውስጡ ግን ውሃ አልነበረም። ቅጣት ጽፎ ሰጠኝ። ግሪን ካርድ ስላለኝ በቅርቡ ለዜግነት አመለክታለሁ። ልክፈል ወይስ ልከራከር?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ወረቀቱን የተቀበሉበትን ቀን ይመልከቱ። የፍትሐ ብሔር ቅጣት ከሆነ፣ ለመከራከር ያለዎት ጊዜ ወረቀቱን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉዳይዎ በችሎት እንዲሰማ ለተፈጥሮ ሀብት መምሪያው (ዲኤንአር) ጥያቄ ካላቀረቡ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የሚቃወሙበትን ምክንያትም በዝርዝር ያስፍሩ። ጊዜ ለማራዘም ብቻ የቀረበ ነው ከተባለ የችሎቱ ወጪ ሊጨመርብዎ ይችላል።

ባነሱት ፍሬ ነገር ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። መጤ ተክሎችና እንስሳት እንዳይዛመቱ የሚከለክለው የሚኒሶታ ሕግ ምዕራፍ 84ዲ ግዴታውን የጣለው በሚያጓጉዘው ሰው ላይ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። «ውሃ አልነበረም» የሚለውም መከላከያ አይሆንም፤ ጀልባው መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ውታፉ መውጣት አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2010 ሚኒቶንካ ውስጥ የተገኘው ዜብራ መስል የተባለው መጤ ባለ ቅርፊት እንስሳ ገና ሳያድግ (እጭ እያለ) በዓይን አይታይም፣ ጀልባው ወለል ላይ በቀረች ጥቂት ውሃም ይጓዛል። ሣሩም ቢሆን የአገሬው ይሁን መጤ ለውጥ የለውም፤ የውሃ ተክል ማጓጓዝ በራሱ ጥፋት ነው። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው የሚያውቅ ሰው ይህን ጥብቅነት የሚያቃልለው አይመስለኝም። ክርክር የሚያዋጣው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስህተት መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ወይም ምስክር ካለዎት ነው።

አሁን ወደ ዜግነቱ። ወረቀቱ የፍትሐ ብሔር ነው ወይስ የወንጀል? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ቅጣት ከፍለው ቢጨርሱ የወንጀል ጥፋተኛ አያሰኝዎትም። ከዚህ በፊት በዚሁ ሕግ ተቀጥተው ከሆነ ግን ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። የወንጀል ክስ ከሆነ ደግሞ በሚኒሶታ ገንዘቡን መክፈል ጥፋተኛነትን እንደማመን ይቆጠራል፤ ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ አይክፈሉ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ «ተከሰው ያውቃሉ?» ብቻ ሳይሆን በሕግ አስከባሪ የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶዎት እንደሆነም ስለሚጠይቅ፣ ጉዳዩን መሸሸግ ከቅጣቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ወረቀቱንና የከፈሉበትን ደረሰኝ ይያዙ።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ፦ ኦፊሰሩ «ሣሩን አንሳ» ካለዎት እዚያው ያንሱ። ትእዛዙን እንቢ ማለት ከመጀመሪያው ጥፋት እጅግ የከበደ ወንጀል ነው።

ከእንግዲህ ጀልባውን ከውሃ እንዳወጡ፣ ከማውረጃው ሥፍራ ሳይርቁ፣ ውታፉን ይንቀሉ፤ ዓሣ የሚያቆዩበትን ገንዳም ያፍስሱ። ሞተሩን ዝቅ አድርገው ውስጡ የቀረው ውሃ እንዲወርድ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የተጎታቹን ጎማ አክስልና ጀልባው የሚያርፍባቸውን እንጨቶች ነው፤ ሣሩ የሚሰካው እዚያ ነው፣ በእጅ ለቅመው ይጣሉ። ለመንጠቆ የያዟቸውን ትናንሽ ዓሦች ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ካልፈለጓቸው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይክተቱ፣ ማቆየት ካሻዎት የሐይቁን ውሃ ደፍተው በቧንቧ ወይም በታሸገ ውሃ ይተኩ። ያጠመዱትን ዓሣም በበረዶ ይዘው ይሂዱ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሄዱ ከሆነ፣ መምሪያው የሚመክረው በ120 ዲግሪ ፋራናይት ውሃ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ፣ ወይም በ140 ዲግሪ ለ10 ሰከንድ ማጠብ፣ ካልሆነም ቢያንስ 5 ቀን ማድረቅ ነው። ይህ ምክር ነው። ለጀልባ ማቆሚያ መድረክና ለጀልባ ማንሻ ግን ሕጉ ራሱ ጊዜ ቆርጧል፦ ከአንድ ሐይቅ ወጥተው ሌላው ውስጥ ከመተከላቸው በፊት 21 ቀን ከውሃ ውጭ መቆየት አለባቸው። ጓደኛዎ ያገለገለ ማንሻ ሊገዛ ካሰበ ከውሃ የወጣበትን ቀን ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበል።