ነጮቹ ጫጩቶች ቦቫንስ ናቸው ወይ? (መልስ)

እህቴ፣ አዘዞ ላይ «ቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ጣይ ዝርያ)፣ ሁሉም ሴት» ተብለው ከተሸጡልሽ 20 ጫጩቶች በ8 ሳምንታቸው 7ቱ ነጭ፣ 4ቱ አንገተ መላጣ፣ 9ኙ ቡኒ ሆነዋል ብለሻል።

ዋናው ጉዳይ ነጮቹ ናቸው። ቦቫንስ ሲፈለፈል ሴቷ ቡኒ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ቀለሙ ከፆታው ጋር አብሮ ይወረሳል። ስለዚህ ነጮቹ የዚያው ዝርያ ወንዶች የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። አንዱን አንሥተሽ ደረቱን ዳብሺው። የደረቱ አጥንት ስለት ሆኖ ከተሰማሽ፣ እግሩም ቀጭንና ረጅም ከሆነ የቦቫንስ ወንድ ሳይሆን አይቀርም። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም ሆኖ መቀመጥ ካበዛ ግን የሥጋ ዶሮ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚሆን አታቆዪው፣ እግሩና ልቡ አይችሉትም።

አንገተ መላጣዎቹ ቦቫንስ አይደሉም። የሀገር ዶሮ ወይም ዲቃላ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቡኒዎቹን ጠዋት ሳይበሉ መዝኚ። የቦቫንስ ቄብ ከ600 እስከ 700 ግራም ገደማ ትሆናለች። ከ1 ኪሎ በደንብ ካለፉ ሳሶ (ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረባ ዝርያ) ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱም ይጥላሉ፣ ግን ቁጥሩ ያንሳል፣ መኖም በብዛት ይበላሉ።

ወንዶቹን አሁኑኑ ለዪ፤ ለገናና ለጥምቀት ገበያ ይደርሱ እንደሆነ አስቢ። የቄቦቹን መኖ በ1 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ታዳጊ መኖ ቀይሪ። የእንቁላል ጣይ መኖ ግን መጣል እስኪቃረቡ አትስጪ፤ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የፈንግል ክትባት ዝርያ አይመርጥም፣ ሁሉንም አስከትቢ።