ገንዘባችሁን ሁሉ ካሜራው ላይ አትጨርሱት

ልጆቼ፣

በትርፍ ጊዜያችሁ ፎቶ ማንሳት የጀመራችሁ፣ ወይም ለመጀመር ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራም ሁኑ ሞጣ፣ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «የቱ ካሜራ ይሻላል?» መልሱ አጭር ነው። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ከተሠሩት ሌንሳቸው የሚፈታ ካሜራዎች መካከል ለጀማሪ የሚያንስ የለም። ጎጃም ውስጥ ፎቶ የሚያበላሸው የሜጋፒክስል ማነስ አይደለም። የበጋው አቧራ ነው፤ የጣና ዳር እርጥበት ነው፤ የጮቄ ብርድ፣ የመብራት መሄድና መምጣት፣ የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ ነው። እነዚህን ሁሉ የምትመክቱት በቦዲው፣ ማለትም ሌንስ በሌለው የካሜራው አካል፣ ሳይሆን ከቦዲው ጋር በያዛችሁት ዕቃ ነው። ስለዚህ ካላችሁ ብር ከመቶው ስልሳውን ለቦዲና ከቦዲው ጋር አብሮ ለሚሸጠው ኪት ሌንስ አውሉት፤ ሃያውን ለአንድ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ፣ የቀረውን ለባትሪ፣ ለሜሞሪና ለማጽጃ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ቢል ግድ የለም፤ ዜሮ የሚደርሰው ግን አይኑር።

አብዛኞቻችሁ የምትገዙት ያገለገለ ዕቃ ነው። ነውር የለበትም። ነገር ግን ሳትፈትሹ ብር አትቁጠሩ። መጀመሪያ ሌንሱን ከቦዲው ፍቱና ከኋላው የስልክ መብራት ሰያፍ አድርጋችሁ አብሩበት፤ በፊት በኩል ሆናችሁ ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ቢታይ አያስደንግጣችሁ፣ ፎቶ ላይ አይወጣም። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ቀጭን የሣር ሥር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት። ከዚያ ሌንሱን መልሳችሁ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 16 ላይ አድርጋችሁ፣ ራሱ የሚያደርገውን ፎከስ አጥፍታችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ የምታገኙት ጥቁር ነጠብጣብ ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ በሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ በሁሉም ፎቶ ላይ ቦታውን የማይለቅ መስመር ካለ ግን የሴንሰሩ ሕመም ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ ብዙ ሰው የማያደርገው ነው። አንድ ገጽ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ገጹ ፍሬሙን እስኪሞላ ቀርባችሁ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አስደግፋችሁ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ። ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች አጉልታችሁ አንብቡ። በሦስቱ ማዕዘን «ጨ» ከ«ጬ» እየተለየ በአንዱ ብቻ ፊደሉ ከተድበሰበሰ፣ ያ ሌንስ ወድቆ ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ያልሁት ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሳይቆም ቢቀርም እንዲሁ ስለሚሆን ነው። ለመለየት ካሜራውን ገልብጡና፣ የላዩን ወደ ታች አድርጋችሁ ማለቴ ነው፣ ያንኑ ጋዜጣ ደግማችሁ አንሱ። ብዥታው ወደ ሌላው የጋዜጣው ጥግ ከተዛወረ ከሌንሱ ነው፤ እዚያው ጥግ ላይ ከቀረ ከአቋማችሁ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ተስማምቶ መሥራት የሚባለው ነገርም ያታልላል። የኒከን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። «ርካሽ ሃምሳ ሚሊ ሜትር አገኘሁ» ብላችሁ ኤኤፍ-ዲ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሌንስ ብትገዙ ፎከሱን በእጃችሁ ስታዞሩ ትኖራላችሁ፤ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ። ኤኤፍ-ፒ የሚለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ በዲ3100፣ በዲ3200ና በዲ5100 ላይ ፎከስ አያደርግም። ካኖን በኩል ያለው ወጥመድ ፍላሽ ላይ ነው፤ 4000ዲ እና 250ዲ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ መካከለኛው ነጥብ ስለሌላቸው የሌላ ድርጅት ፍላሽና ማስነሻ አብዛኛው አይተኮስባቸውም። «ፍላሹ ተበላሽቷል» ብሎ ሁለተኛ ፍላሽ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ። ከኪት ሌንስ ቀጥሎ የሚገዛው ረጅም ዙም ሳይሆን 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ዙም የሌለው ሌንስ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ እዩት። ኪት ሌንሳችሁ 55 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ የሚከፈተው ቢበዛ ኤፍ 5.6 ነው። ኤፍ 1.8 ከዚያ ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ስታነሱ፣ ኪቱ በአይኤስኦ 1600 ላይ 1/8 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ከጠየቃችሁ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶው ይደበዝዛል። በ1.8 ያው ብርሃን 1/80 ይሰጣችኋል። ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው አነስተኛ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ለመያዝ የሚበቃው ፍጥነት ይኸው 1/80 አካባቢ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ከ1.5 ሜትር ርቀት በ1.8 ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰው ስታነሱ ፎከሱ ወደ እናንተ የቀረበው ዓይን ላይ ይረፍ፤ አፍንጫ ላይ ካረፈ ዓይኑ ይሟሟል። ሥዕል ስታነሱ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ቁሙ። ፍላሽ እዚያ ቦታ አታብሩ፤ ብርሃኑ ከቀለሙ ላይ ተመልሶ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ የሚጸልይ ሰውም ይረብሻል። ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን ማስፈቀዱን እንኳ እናቶቻችሁ አስተምረዋችኋል።

ረጅሙ ሌንስ፣ 55-250 ወይም 70-300፣ የሚያስፈልገው ለእንጅባራ ነው። ጥር 23 የአዊ ፈረሰኞች ሲጋልቡ 1/1000 ሰከንድና ከዚያ በላይ ያዙ፤ ፎከሱን ተከታታይ ወደሚለው አዙሩት፣ በካኖን ኤአይ ሰርቮ፣ በኒከን ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ፈረሱ ጥርት ብሎ ጀርባው እንዲፈስ ከፈለጋችሁ 1/60 ላይ ሆናችሁ ካሜራውን ከፈረሱ ጋር እኩል አዙሩት፤ ከሃያው አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው። ሜዳው ላይ ሌንስ አትቀይሩ። አቧራ ወደ ሴንሰር የሚገባው በዚያች ደቂቃ ነው። የግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡ፣ አፉን ወደ መሬት ድፉት፣ የሚገባውን ሌንስ ክዳኑን አላልታችሁ አዘጋጁ፣ ከዚያ የነበረውን ፍቱ።

ስለ ፊልተር፣ ሌንሱ ፊት ስለሚገጠመው መስታወት፣ ብዙ የሚወራው ከንቱ ነው። ዩቪ የሚባለው ለዲጂታል ካሜራ ለቀለሙ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ርካሹ ደግሞ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን አረንጓዴ ክብ ጥላ ያመጣል። ለሌንሱ ጥበቃ ከሆነ የሌንስ ኮፍያ ግዙ፤ ሌንሱ ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታው ኮፍያው ነው፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃንም ይከለክላል። ብር የሚገባቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ፖላራይዘር ነው። የዘንገናን ሐይቅ ውሃ ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ከዝናብ በኋላ የቅጠሉን አረንጓዴ ያወጣል፣ ሰማዩን ያጠቁራል። የት እንደሚሠራ ለማወቅ አመልካች ጣታችሁን ወደ ፀሐይ ቀስሩ፣ አውራ ጣታችሁን ዘርጉ፣ ከዚያ እጃችሁን አሽከርክሩ፤ አውራ ጣቱ የሚያመለክተው አቅጣጫ ሁሉ ሰማዩ አብዝቶ የሚጠቁርበት ነው። 18 ሚሊ ሜትር ላይ ስትሆኑ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ይነጣባችኋልና ዙም አድርጋችሁ እይታውን ጠበብ አድርጉት።

ሁለተኛው ኤንዲ ነው፣ ብርሃን የሚቀንሰው ጥቁር መስታወት። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው እንደ ሐር እንዲፈስ ለማድረግ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ደግሞ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16 ትክክለኛው ፍጥነት 1/100 አካባቢ ነው። ብርሃኑን ስምንት እጥፍ የሚቀንሰውን ኤንዲ 8 ብትጨምሩ ወደ 1/12 ነው የምትደርሱት፣ አይበቃም። ኤንዲ 64 ወደ 0.6 ሰከንድ ያወርዳችኋል፤ የምትፈልጉት ይኼ ነው። ኤንዲ 1000 ዐሥር ሰከንድ ይሆናል፣ ውሃው ጉም መስሎ ኃይሉን ያጣል። እየተዞረ የሚጨልመው ርካሹ ፊልተር ሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ጥላ ስለሚጥል ይቅርባችሁ። ፊልተር ስትገዙ በሌንሱ ፊት የተጻፈውን ቁጥር እዩ፤ ለትልቁ ሌንስ የሚሆነውን አንድ ገዝታችሁ ለትንሹ በቀለበት አስማሙት። ለምሳሌ የካኖን 55-250 ኤስቲኤም 58 ነው፣ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም 49 ነው፤ ከ49 ወደ 58 የሚያሳድግ ቀለበት ከሁለተኛ ፊልተር በብዙ ይረክሳል። ፊልተሩ ጠብቆ እንቢ ካለ ዙሪያውን የብር ማሰሪያ ላስቲክ ጠምጥማችሁ በቀስታ አዙሩት፤ ጠንክሮ መጨበጥ ቀለበቱን አጣሞ ያባብሰዋል።

ግማሽ ሰከንድ ያለ ትራይፖድ፣ ያለ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ አይሆንም። ስትገዙ እግሮቹን ዘርግታችሁ ጫፉን በጣታችሁ ግፉት፤ ከተወዛወዘ ጮቄ ላይ ነፋስ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ስትዘረጉ ወፍራሙን ክፍል አስቀድሙ፣ ቀጭኑን መጨረሻ፤ መካከለኛውን ዘንግ ጨርሶ አታውጡት። ቦርሳችሁን ከሥሩ ስትሰቅሉ መሬቱን እንዲነካ አድርጉ፤ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እንደ ዥዋዥዌ እየሄደ ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። ሌንሱ ላይ አይኤስ ወይም ቪአር የሚል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ማብሪያ ካለ አጥፉት።

ባትሪ። ከአንድ በላይ ያስፈልጋል፤ ክርክር የለውም። የጮቄ ንጋት ብርድ የባትሪውን ኃይል ያደክመዋል፣ ያለቀ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ሁለተኛውን ከጋቢው ሥር በደረት ኪስ ያዙ፣ በየተራ ቀይሩ፤ የደከመው ሲሞቅ ጥቂት ይመለሳል። ከብርዱ ወጥታችሁ ቡና ወደሚፈላበት ሙቅ ቤት ስትገቡ ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አሥራችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይረፍ እንጂ ሌንሱ ላይ አይረፍ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱም መስኮት ሥር አታስቀምጡት፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርዳችሁ ብርዱ በሙቀት ይተካል። የማይታወቅ ባትሪ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። የካኖን ኤልፒ-ኢ10 ትክክለኛው 860 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ በዚያችው ቁመት 2000 የሚል ካያችሁ ውሸት ነው። ያበጠ ባትሪ ካሜራው ውስጥ ተነክሶ ሊቀር ይችላልና አትሰኩት። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው የሚያቃጥለው። ለጉዞ በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ የሚሞላ ቻርጀር ያዙ።

ሜሞሪ ላይ ቪ30 የሚል ምልክት ፈልጉ፣ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። ከአንድ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ይልቅ ሁለት ባለ 32 ይሻላሉ፤ ሲጠፋ ግማሹ ነው የሚጠፋው። 64 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ በውስጡ 8 ብቻ የሆነ ካርድ አለ፤ እስከ 8 ድረስ ደህና ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ ያነሳችሁት አይገኝም። አዲስ ካርድ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ በኤች2ቴስትደብልዩ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልታችሁ አስነብቡት፣ ከዚያ ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት። በስሕተት ፎቶ ከደመሰሳችሁ አንድም ፎቶ ሳትጨምሩ ካርዱን አውጡ፤ ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱ ካልተጻፈበት ብዙውን ይመልሳል።

ሌንስ በነጠላ ጫፍ አይጠረግም። ጥጡ ለስላሳ ቢሆንም የያዘው አቧራ ጠጠር ነው፣ ሽፋኑን ይጭራል። በአፍም አትትፉበት፣ በቆርቆሮ የታሸገውን አየርም አትንፉበት። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አስወግዱ፣ ከዚያ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ በአንድ ጠብታ የሌንስ ማጽጃ አርጥባችሁ ከመሐል ወደ ዳር እየዞራችሁ ጥረጉ። ጠብታው ጨርቁ ላይ ይሁን፣ ሌንሱ ላይ ከተንጠባጠበ በዳር ይገባል። ለሻጋታ ደግሞ መድኃኒቱ መከላከል ነው። ባሕር ዳር በክረምት የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተቆልፎ የከረመ ሌንስ ይሻግታል። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ግዙ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርጉበት፣ እርጥበት መለኪያ ጨምሩና ከ40 እስከ 50 በመቶ አቆዩት። የሲሊካው ቀለም ሲለወጥ በድስት ሳይሆን በኦቨን አድርቃችሁ መልሱት። ሳጥኑን ከበርበሬው አርቁ።

ጣና ላይ በታንኳ ስትሄዱ ካሜራው አንገታችሁ ላይ ሳይሆን አፉ በታሠረ ላስቲክ ውስጥ ይሁን። ውሃ ውስጥ ከገባ ግን «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አታብሩት፤ የሚገድለው ውሃው ሳይሆን በእርጥቡ ውስጥ የሚሮጠው ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪና ሜሞሪ አውጡ፣ ሌንሱን ፍቱ፣ ክዳኖቹን ሁሉ ከፍታችሁ ውሃውን አራግፉ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አኑሩት። ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት፤ ብናኙ የሌንሱ ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ የፎገራ ሩዝ ደግሞ ለምሳ ይፈለጋል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት፣ ስንት ሰዓት እንደወደቀና የሐይቅ ውሃ ይሁን ለስላሳ መጠጥ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ስኳር ያለበት ከሆነ ሰውየው የሚጀምረው ከማድረቅ ሳይሆን ከማጠብ ነው።