ተራውን ስላይድ አትናቁት

በባሕር ዳር ሕክምና ለምትማሩና ላብራቶሪ ለምትውሉ ልጆቼ፣

ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ ሁሌ የምትሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ማሽን የለ፣ ሪኤጀንት የለ፣ እዚህ ምን ይሠራል?» እውነት አላችሁ። ግን እስቲ ስለ ጡት ካንሰር ልንገራችሁ።

ወደ እኛ የሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ እብጠቱ ከገፋ በኋላ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይቆይና ኬሞ ይቀድማል። አንዳንዴ ኬሞው እብጠቱን ድራሹን ያጠፋዋል። ለማን? ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ እብጠቱ ውስጥ የገቡት ሊምፎሳይቶች፣ ማለትም የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። በፈረንጆች 2018 የ3,771 ታካሚዎች መረጃ ተጠቃሎ ታትሟል። ትሪፕል ኔጌቲቭ በሚባለው (የሆርሞን ተቀባይም ኸር2 የሚባለው ፕሮቲንም በሌለው) ዓይነት፣ ሊምፎሳይት በብዛት ከነበራቸው 50 በመቶዎቹ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶላቸዋል። ጥቂት በነበራቸው 31 በመቶ ነበር። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ መድኃኒት የካንሰሩን ሕዋስ ሲገድል፣ አሟሟቱ ራሱ የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል። ዘበኛው ቀድሞ ግቢ ከገባ ደግሞ ሥራው ይቀላል።

ይህን ለማየት ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን የሚባሉት ማቅለሚያዎችና ደህና ማይክሮስኮፕ ይበቃሉ። በየቀኑ የምትቀቡት ያው ስላይድ ነው! የሚቸግረው አቆጣጠሩ ነው። በካንሰሩ ሕዋሳት መካከል ያለውን ስትሮማ (ደጋፊውን ሕብረ ሕዋስ) እዩ፤ ከስፋቱ ምን ያህሉን ሊምፎሳይትና ፕላዝማ ሴል እንደያዙት በፐርሰንት ገምቱ። ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሕዋስ አይቆጠርም። የሞተውን ቦታ እለፉት። ደግሞ ዓይን ወደ ደመቀው ጥግ ይሮጣል፤ አማካዩን ነው የምንፈልገው። ሁለት ሆናችሁ ሳትነጋገሩ ገምቱና አስተያዩ። መጀመሪያ ላይ ቁጥራችሁ ሲራራቅ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሆርሞን ተቀባይ ባለው፣ ኸር2 በሌለው ዓይነት ነገሩ ይጠማዘዛል። በዚያው ጥናት ሊምፎሳይት የበዛባቸው ለኬሞው የተሻለ ምላሽ ቢሰጡም ዕድሜያቸው አጥሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ዓይነቱን ሳታውቁ «ጥሩ ምልክት ነው» ብላችሁ ለቤተሰብ አትናገሩ።

ናሙናው ከገጠር በሳላይን (በጨው ውሃ) ተዘፍዝፎ ሲመጣ ግን ያናድደኛል። ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ! ከኬሞ በፊት የተወሰደውን ብሎክ (በሰም የተያዘውን ናሙና) ደግሞ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ኬሞው ከሠራ ሌላ የምታዩት ካንሰር የለም።

ሐኪሙ ባይጠይቅም ፐርሰንቱን ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። ቁጥሩ ዝቅ አለ ብሎ ታካሚዋን ኬሞ እንዳያስቀርባት ግን ደውላችሁ ንገሩት።