ምርመራው ንጹህ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ሰውነቴን ያመኛል። ዛሬ አንገቴን፣ ነገ ወገቤን፣ ሌላ ቀን ጭኔን። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባልኩ፣ ቀጥሎ ሪህ። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፤ ሁሉም ንጹህ ነው። ትንሿ ልጄ ሮጣ መጥታ ስታቅፈኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምችለው። ፌስታል ይዤ ከገበያ ከመጣሁ ጣቴ ሲጠዘጥዘኝ ያድራል። ተኝቼ ስነሣ ደግሞ ሲቀጠቅጡኝ ያደሩ ይመስለኛል። በቅርቡ አንዲት ሐኪም «ፋይብሮማያልጂያ ነው፣ ችግሩ የነርቭ ሥርዓትሽ ላይ ነው» አለችኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «አላልኩሽም? ሐሳብ ነው፣ አታካብጂ» አለ። እውነት ራሴ የፈጠርኩት ነው? ዳይክሎፌናክስ ለምንድን ነው የማያስታግሰኝ?

እ.ነ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ አልፈጠርሽውም።

ለባለቤትሽ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ንገሪው። 16 ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸውና 16 ጤነኛ ሰዎች ኤምአርአይ ውስጥ ተኝተው የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጫነ። ታማሚዎቹ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 2.4 ኪሎ ያህል ሲጫናቸው የተሰማቸውን ሕመም ጤነኞቹ የሚያውቁት ግፊቱ ከ4 ኪሎ ሲያልፍ ነበር። የታማሚዎቹ አንጎልም በትንሹ ግፊት፣ ጤነኞቹ በትልቁ ግፊት ሲያማቸው የሚነሣሡትን ቦታዎች ነው ያነሣሣው። ማካበድ እንዲህ በማሽን አይታይም።

የአንቺ ደምና ራጅ ንጹህ የሆነው የሚፈልጉት ሌላ ነገር ስለሆነ ነው፤ የመገጣጠሚያ ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) እና ጉዳት። ያንቺ ጣጣ ግን የሕመም መልእክት በነርቭ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ብዙ ታማሚዎች በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሰብስታንስ ፒ የሚባለው ሕመም አስተላላፊ ኬሚካል ከጤነኛ ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ከአንጎል ግንድ ወደ አከርካሪ እየወረደ «በቃ» የሚለው መስመር፣ ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን በሚባሉ የነርቭ ኬሚካሎች የሚሠራው ማለት ነው፣ ደከም ይላል። ጤነኛ ሰው አንድ እጁን በረዶ ውኃ ውስጥ ቢነክር የሌላው እጁ ሕመም ይቀንስለታል። ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው ላይ ይህ ብዙም አይሠራም።

ዳይክሎፌናክም ያልረዳሽ ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚያጠፋው ብግነትን ነው፤ አንቺ ጋ የሚጠፋ ብግነት የለም። በላዩ ላይ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳልና በየቀኑ ከመዋጥ ተቆጠቢ።

እንቅልፍሽን ግን አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ1975 የካናዳ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎች ከባድ እንቅልፍ ሲወስዳቸው በድምፅ እየረበሹ አሳደሯቸው። ጠዋት ሰውነታቸው እንደ አንቺው ሲነኩት የሚያም ሆኖ ተነሡ! ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ሐኪምሽ ማታ ማታ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ብታዝዝልሽ፣ ወረቀቱ ላይ «የድብርት መድኃኒት» የሚል አንብበሽ አትደንግጪ። የሚታዘዘው ለእንቅልፍሽና ለዚያ «በቃ» ባይ መስመር ነው። ዱሎክሰቲንና ፕሪጋባሊንም አሉ። የትኛው እንደሚስማማሽ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ግን ከሁሉ አጠንክሮ የመከረው እንቅስቃሴን ነው። ዐሥር ደቂቃ ከሰፈር ወክ በማድረግ ጀምሪና በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሪ። በደህናሽ ቀን ቤቱን ሁሉ ልጠብ አትበዪ፤ በማግስቱ ያስተኛሻል።

ባለቤትሽ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ጭንቀት ያባብሰዋል። «አታካብጂ» መባልም ያስጨንቃል። ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ አብሮሽ ይሂድና ከሐኪሟ አፍ ይስማ።

መገጣጠሚያሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ ሳታስቢው ከከሳሽ ደግሞ «ያው ፋይብሮማያልጂያው ነው» ብለሽ አትለፊው። እንደገና ተመርመሪ።