አዲሱ ቱቦ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። በተወለደ በአንድ ወሩ ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ በኋላ ጭንቅላቱ እያደገ ስለሄደ በውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ሆዱ የሚያወርድ ቱቦ ተደረገለት፤ ቱቦው አንድ ጊዜ ተዘግቶም በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ አልፎ አልፎም ያስመልሰዋል። ወባ መስሎን ከመድኃኒት ቤት ኮአርተም ገዝተን ሰጠነው፤ ተሽሎት ነበር፣ አሁን ግን ተመልሶበታል። ጭንቅላቱ ስላልጨመረ ቱቦው ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። በውጭ አገር የማይዘጋ ቱቦ እየተሠራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እሱ እስኪመጣ ብንጠብቅ አይሻልም ወይ? (እናት፣ ከአጋሮ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ የጠየቁኝ ስለ አዲስ ቱቦ ነው፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው የተረዳሁት ግን ልጅዎ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይገባብዎ መፍራትዎን ነው። ይህ የማንኛዋም እናት ፍርሃት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ አይጠብቁ። ይህን ባነበቡበት ቀን ልጁን ይዘው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይምጡ። ቱቦ ያለበት ልጅ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ቱቦው ተዘግቷል ብለን ነው የምንነሣው። ሌሊቱን በጀርባ ተኝቶ ሲያድር በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ሕመሙ ንጋት ላይ ይበረታል።

«ጭንቅላቱ ስላልጨመረ» ያሉት ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ በዚህች አንድ እምነት ምክንያት ዘግይተው የሚመጡ ልጆችን ደጋግሜ ስለማይ በሰፊው ላስረዳዎት። የሕፃን ጭንቅላት የሚያድገው እርግብግቢቱ ስላልተዘጋና የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ነው፤ ውሃው ሲጠራቀም አጥንቱ ለቅቆ ቦታ ይሰጠዋል። እርግብግቢት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይዘጋል። የ4 ዓመት ልጅ ቱቦ ሲዘጋ ፈሳሹ መመንጨቱን አያቆምም፤ የአዋቂ ሰው አንጎል በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመነጫል፣ የልጅም ያለማቋረጥ ያመነጫል። አጥንቱ እንደ ሕፃንነቱ የማይለቅ ከሆነ ግፊቱ የሚያርፈው በአንጎሉና በዓይኑ ነርቭ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የጭንቅላቱ አለመጨመር ምንም ዓይነት ማረጋገጫ አይሆንም። ሻሽ ዙሪያውን አስረው ቢለኩትም፣ ከጆሮው ኋላ ቱቦው ያለባትን እብጠት በጣትዎ ቢጫኗትም የቱቦውን ጤንነት አያውቁም፤ እንዲያውም አይጫኗት። ማየት ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ ያለወትሮው መተኛቱን፣ ሲጠራ በዝግታ መንቃቱን፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ማዘንበላቸውን ወይም መንሸዋረራቸውን፣ አረማመዱ መለወጡን፣ ተቅማጥ ሳይኖረው ማስመለሱን። እንቅልፉ ከበዛና ለማንቃት ካስቸገረ እስኪነጋ እንኳ አይጠብቁ።

ስለ ኮአርተሙም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በጅማ አካባቢ ወባ እንዳለ አውቃለሁ፣ ወባን መጠርጠርዎም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ወባ የሚታወቀው በጣት ደም ምርመራ ነው፤ ይህም በጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። ሳይመረመር መድኃኒት ሰጥቶ አንድ ወር መቆየት ልጁን ለከፋ አደጋ ማጋለጥ ነው። ተሻለው ያሉት መድኃኒቱ ስለሠራ አይመስለኝም፤ በከፊል የተዘጋ ቱቦ አንዳንድ ቀን ያሳልፋል፣ አንዳንድ ቀን አያሳልፍም፣ ሕመሙም አብሮት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወባ ቢገኝበት እንኳ ቱቦው ደህና መሆኑን አያሳይም፤ ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የሰሙት ወሬ በከፊል መሠረት አለው። በ1956 እ.ኤ.አ. ጆን ሆልተር የተባለ አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ በዚሁ ሕመም ለታመመ ልጁ ሲል ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ሠራ፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከዚያ ሐሳብ የወጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ የላቀ ውጤት የታየው ኢንፌክሽንን በመቀነስ ረገድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣና በብሪታንያና በአየርላንድ 1605 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ በተለመደው ቱቦ 6 በመቶ ያህሉ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተነከረ ቱቦ ግን 2 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ ብር የተቀባው ቱቦ ከተለመደው የተሻለ አልሆነም። ሰው ሲቆም ፈሳሹ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚያግዱና ከውጭ በማግኔት የሚስተካከሉ ቫልቮችም አሉ። መዘጋትን በተመለከተ ግን የቱቦውን ቀዳዳዎች በመለወጥና ፍሰቱን የሚለካ መሣሪያ በመጨመር ብዙ ሙከራ እየተደረገ ቢሆንም፣ አይዘጋም ተብሎ የሚታመን ቱቦ ዛሬ በየትኛውም አገር የለም። ልጅዎን የሚያስጠብቅ ነገር የለም ማለት ነው።

በርካሽ ቱቦ ተደርጎለት ይሆን ብለውም አይጨነቁ። ኡጋንዳ ውስጥ በሕንድ የሚሠራውን ርካሽ ቱቦ ከውድ የአሜሪካ ቱቦ ጋር ያነጻጸረ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በሀብታም አገሮችም ቢሆን በልጅነት ከሚደረጉ ቱቦዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በሁለት ዓመት ውስጥ ይበላሻሉ፤ ስለዚህ የልጅዎ ቱቦ መዘጋት የእርስዎ አያያዝ ጉድለት አይደለም። ያለ ቱቦ፣ ኢንዶስኮፕ በተባለ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ለፈሳሹ መንገድ የሚከፍት ሕክምናም አለ፤ በኡጋንዳዋ ምባሌ በብዙ ሕፃናት ላይ ተሠርቶበታል። ከማጅራት ገትር በኋላ ውሃ በቋጠረ ልጅ ላይ የመሳካት ዕድሉ ያነሰ ቢሆንም ሐኪሙን ይጠይቁ። መልሱ እንደገና ቱቦ ቢሆን ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የተዘጋው ክፍል ብቻ ነው፤ በወቅቱ ከተሠራም አብዛኞቹ ልጆች ወዲያው ራስ ምታታቸው ቀሎላቸው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ሲመጡ ካለፈው ቀዶ ሕክምና የተሰጠዎትን ወረቀት ይዘው ይምጡ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል መንገድ ላይ ምግብ አይስጡት። ኮአርተሙን መቼና ስንት ፍሬ እንደሰጡትም ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅዎት ሊወቅስዎት ሳይሆን የቀጣዩን ሰዓት ሕክምና ለመወሰን ነው።