«በፍቅር ነው የምንጠራት» ይላሉ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጋምቤላ ተወላጅ ናት። ለበዓል አክስቴ ቤት ስንሰበሰብ «ባሪያዋ መጣች» እያሉ ይስቃሉ፤ ስቆጣ «በፍቅር ነው፣ አታካብድ» ይሉኛል። እሷ ዝም ትላለች። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳዩን አላካበዱትም። ይህ ቃል ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ነው፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በመሆኑም፣ ከምዕራብና ከደቡብ አካባቢዎች እየተፈነገሉ የተሸጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም አብረውን ይኖራሉ። ባለቤትዎ ዝም ማለታቸው ስላልከፋቸው ነው ብለው አያስቡ፤ በአማቶች ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ የቁጣ ቃል መናገር ለምራት እጅግ ይከብዳልና፣ መናገር የሚገባዎት እርስዎ ነዎት። አክስትዎን ከበዓሉ በፊት ለብቻቸው አግኝተው፣ በእንግዳ ፊት ሳያሳፍሯቸው፣ «አክስቴ፣ ከእንግዲህ በስሟ ይጥሩልኝ» ይበሏቸው። «በፍቅር ነው» ካሉም፣ ፍቅራቸውን እንደማይጠራጠሩ፣ ቃሉን ግን የቤቱ ልጆች እየሰሙ ትምህርት ቤት ይዘውት እንደሚሄዱ ያስረዷቸው። ከዚያ በኋላም ከቀጠሉ ባለቤትዎን ይዘው ከግብዣው መነሣትዎ ተገቢ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድመው፣ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚሹ ራሳቸውን ባለቤትዎን ሊጠይቋቸው ይገባል።